በሸረሪት ፍርሃት የዘጋሁት በር

ሸረሪት መፍራት ሐኪም ቤት ያደርሳል ብትሉኝ ኖሮ ከሁለት ዓመት በፊት እኔም እስቅ ነበር። ሰው እባብ ይፈራል፣ ውሻ ይፈራል፣ ጨለማ ይፈራል፤ ፈርቶም ይኖራል። የእኔው ግን ከዚያ አለፈ። ሆስፒታል አስተኛኝ፣ ከሥራዬ ሊያስወጣኝ ደረሰ፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ በአደራ የተሰጡኝን ሰባት ልጆች ጥዬ እንድሮጥ አደረገኝ። አስተማሪ ነኝና ነገር በቅደም ተከተል ካልተቀመጠ አይሆንልኝም፤ ከመጀመሪያው ልጀምር። አንሶላዋን ሦስት ጊዜ ሳታራግፍ የማትተኛ አንዲት አንባቢ ካለች፣ ይህ ጽሑፍ የእሷ ነው።

የምኖረው ሮም፣ ሮማኒና በሚባለው ዳር ሰፈር ነው። እማማ ለተብርሃን ከሚባሉ ኤርትራዊት እናት ቤት አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። እማማ በልጅነታቸው አስመራ ውስጥ በአማርኛ ስለተማሩ አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል። ሥራቸው ባዳንቴ ነው፤ አንድ አዛውንት ጣሊያናዊ ቤት እየሄዱ ይንከባከባሉ። እኔ ደግሞ ኤስኲሊኖ በሚባለው የከተማው ሰፈር፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ወጥተው ወላጆቻቸው ከሥራ እስኪመለሱ የቤት ሥራቸውን በሚሠሩበት ማዕከል አስተምራለሁ። ሰባት ልጆች አሉኝ። የሐበሻ፣ የቻይናና የባንግላዴሽ ልጆች ናቸው፤ ሁሉም «ማኤስትራ» ይሉኛል፣ መምህርት ማለት ነው።

የተከራየሁት ክፍል ግማሹ ከመሬት በታች ነው። በመጀመሪያው ዓመት የመጸው ዝናብ ሲጀምር፣ እግራቸው እንደ ክር የቀጠነ ሸረሪቶች በመስኮቱ ጥግ መግባት ጀመሩ። አገር ቤትም ሸረሪት አልወድም ነበር፤ ግን ወንድሜን ጠርቼ በመጥረጊያ አስወጣ ነበር። እዚህ የምጠራው ሰው አልነበረም።

ፍርሃቴ ከየት እንደመጣ ላስረዳ። በእኛ ሰፈር አንድ ልጅ ፊቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ከወጣበት «ሸረሪት ሸንታበት ነው» ይባላል። ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ከንፈሬ ጫፍ ላይ ወጣብኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ የሰፈር ልጆች አብረውኝ አልተጫወቱም። እኔም አንድ ነገር ተማርኩ፦ ሸረሪት ለመጉዳት መንከስ አያስፈልጋትም፤ ተኝተሽ ሳለ ከጣሪያ ላይ ትጥልብሻለች። የሚነክስ ነገር ቢያንስ ቀርቦ ነው። ከላይ የሚወርደውን ግን ማን ይጠብቀዋል?

ስለዚህ መጠበቅ ጀመርኩ። የመስኮቱን ስንጥቅ በፕላስተር ለጠፍኩ። ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ መተኛት ለመድኩ። ከዚያ ልቤ ያለ ምክንያት ይደልቅ ጀመር፤ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ይህ አውቶቡስ ላይም፣ ሱቅ ውስጥም መጣ።

የመጀመሪያው ሐኪም ደሜን አስመርምሮ «ብረት አንሶሻል» አለኝ። ኪኒኑ ሆዴን አሳመመኝ እንጂ ልቤን አላሳረፈውም። ሁለተኛዋ የልብ ምት የሚመዘግበውን ምርመራ አዘዘች፤ ልቤ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። ሦስተኛው እንቅርት ጠረጠረ፤ እሱም አልሆነም። በእነሱ አልፈርድም። አንዳቸውም ስለ ሸረሪት አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ዲግሪ ያላት መምህርት ሐኪም ፊት ቁጭ ብላ «ሸረሪት ፈራሁ» ልትል ነው?

ቤተሰቤም አላገዘኝም። ለወንድሜ በስልክ ሳዋየው «ባሕር ተሻግረሽ ሸረሪት?» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። እናቴ ግን አልሳቀችም። «ጸበል አጥተሽ ነው። ነይ፣ ተመለሺ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ለሁለቱም «ደህና ነኝ» ማለት ጀመርኩ። ውሸት ሲደጋገም ስልክ መደወልም ያስጠላል።

በዚያው ዓመት አንድ ጠዋት ከንፈሬ ጫፍ ላይ ውሃ ቋጥሮ ተነሣሁ። ስምንት ዓመቴ ተመልሶ መጣ። በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሄድኩ። ከጠዋት እስከ ማታ ጠበቅሁ። አጠገቤ እጇን በፎጣ የጠቀለለች አሮጊት ሮማዊት ነበረች፤ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ አይታኝ፣ ምንም ሳትጠይቀኝ መንደሪኗን በአንድ እጇ ልጣ ግማሹን ሰጠችኝ። የዚያን ቀን የበላሁት እሱን ብቻ ነው።

ወጣቱ ሐኪም «ምን ሆነሽ ነው?» ሲለኝ «ሸረሪት ነው» አልኩ።

«አይተሻታል?»

«አላየኋትም፤ ግን ምልክቱ ይታወቃል።»

ጣሊያን ውስጥ ቫዮሊን የምትባል፣ ንክሻዋ ሥጋ የሚያቆስል ትንሽ ሸረሪት አለች፤ በጋ በመጣ ቁጥር ጋዜጣው ስለ እሷ ያወራል። ሐኪሙ ያንን አስቦ የቁስሉን ዙሪያ በእስክሪብቶ አከበበ፤ መስፋት አለመስፋቱን ለማየት አስተኝተውኝ አደርኩ። አልሰፋም። ጠዋት «ምናልባት ንክሻ» የሚል ወረቀት ይዤ ወጣሁ። እኔ ግን «ምናልባት» የሚለውን አላነበብኩትም፤ ሐኪም መሰከረልኝ ብዬ ሄድኩ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለሐኪሙ የነገርኩት ያየሁትን ሳይሆን የማምነውን ነበር። እናንተ እንዲህ አታድርጉ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ገደቡን አለፈ።

በሁለተኛው ዓመት ኅዳር ላይ ነበር። ልጆቼ ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው ይጽፋሉ። ከመብራቱ ላይ አንዲት ሸረሪት በክሯ ተንጠልጥላ ወደ ጠረጴዛው መሐል ወረደች። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ኮሪደሩ ላይ መቆሜን ነው። በሩን ስቤ ዘግቼው ነበር። በሩ እንደ ብዙዎቹ የሮም በሮች ነው፤ ከተዘጋ ያለ ቁልፍ አይከፈትም። ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ቦርሳዬ ክፍሉ ውስጥ፣ ልጆቹም ክፍሉ ውስጥ ናቸው። የውስጡ እጀታ ደግሞ ከተበላሸ ቆይቷል።

መጀመሪያ ጸጥታ ነበር። ከዚያ ትንሹ ልጅ ማልቀስ ጀመረ። ከዚያ የስድስት ዓመቷ ሶልያና በቁልፉ ቀዳዳ በኩል «ማኤስትራ፣ ሸረሪቷን በብርጭቆ ከደንኳት። አንቺ የት ነሽ?» አለች።

«እዚህ ነኝ» ብል የቱ ጋ ነው እዚህ?

የማዕከሉ ዲሬትሪቼ፣ ማለትም ኃላፊዋ፣ ትርፍ ቁልፍ ይዛ እስክትመጣ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ማንም አልተጎዳም። በማግስቱ ቢሮዋ ጠራችኝ። ደግ ሴት ናት፤ ደግ ባትሆን ይቀለኝ ነበር።

«እሳት ቢሆንስ ኖሮ?» አለችኝ።

መልሴን ሳትጠብቅ ቀጠለች።

«አልከስሽም። ግን ሐኪም ጽፎ እስኪሰጥሽ፣ እኔም በዓይኔ እስካይ፣ ከልጆች ጋር ብቻሽን አትሆኚም። ሰኔ ላይ ኮንትራትሽ ያልቃል፤ ያኔ እንወስናለን።»

ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በዚያ ኮንትራት ላይ የተንጠለጠለ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ፔርሜሶዬ አልነበረም። «አንቺ የት ነሽ?» የሚለው የሶልያና ድምፅ ነበር።

እስከዚያው ቢሮ ውስጥ ወረቀት እያባዛሁ ቆየሁ። የመንግሥት የሥነ ልቦና ሐኪም ለማግኘት ሁለት ወር ወረፋ ጠበቅሁ። የመጠበቂያው ክፍል ጥግ ላይ ትልቅ የማሰሮ ተክል ነበር፤ ቅጠሎቹን ከሥር አንድ በአንድ አይቼ ነው የተቀመጥኩት። ዶክተሯ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆይታ ኖሯል። «ምን እንዳመመሽ ገና ሳትነግሪኝ ገባኝ» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉንም ተናገርኩ፤ የሽንቱንም ጭምር። አልሳቀችም።

የነገረችኝ በአጭሩ ይህ ነው። ፎቢያ የሚባለው ከአደጋው ጋር የማይመጣጠን ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ ውሸት አይደለም፤ ልኩን ያጣ ነው እንጂ። ምግቡ ደግሞ ሽሽት ነው። ሮጠሽ ባመለጥሽ ቁጥር አእምሮሽ «ያዳነኝ መሮጤ ነው» ብሎ ይመዘግባል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቀደም ብሎ ያስሮጥሻል። መድኃኒቱ በትንሽ በትንሹ ሳይሸሹ መቆየት ነው። ፍርሃቴን ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር እየሰጠሁ እንድጽፍ አዘዘችኝ። ባለ ካሬ ደብተር ገዛሁ፣ በማስመሪያ አሰመርኩት። የሸረሪት ሥዕል፦ አምስት። ፎቶ፦ ሰባት። ቪዲዮ፦ ዘጠኝ፤ እዚያ ላይ ተቸንክሬ ቀረሁ።

አንድ እሑድ እማማ ለተብርሃን «ጓለይ፣ ተቀመጪ» አሉኝ። በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ተቀምጫለሁ እኮ እማማ።»

«እንግዲያው አትነሺ። ፕሮፌሶሬ ለዳሌያቸው ቀዶ ጥገና ሊገቡ ነው።» ፕሮፌሶሬ የሚንከባከቧቸው አዛውንት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሳይንስ መምህር። «ከዚያ ማገገሚያ ነው፤ ሦስት ወር። ሴት ልጃቸው እንስሳዋን አልወስድም አለች። ማን ይያዛት?»

«ድመት አላቸው እንዴ?»

እማማ የጠረጴዛውን ልብስ አስተካከሉ። «ድመትስ አይደለችም። ፀጉር ግን አላት።»

ታራንቱላ ናት። ታራንቱላ የእጅ መዳፍ የምታክል፣ ጠጉራም ሸረሪት ናት። ስሟ ኮንቴሳ ነው፤ ጣሊያኖች የባላባት ሚስት የሚጠሩበት ማዕረግ ነው። ጫማዬን ሳላስር ወጥቼ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ስመለስ እማማ በር ላይ ቆመው ነበር። «እምቢ ካልሽ አትመጣም። ቤቱ ያንቺም ነው» አሉኝ። እምቢ ብያቸው ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ግን ደብተሬ ላይ ከቪዲዮ በታች ያለው መስመር ባዶ ነበር። ሰኔም እየመጣ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ «ኮንቴሳ ትምጣ ወይ?» ብዬ ዶክተሯን ጠየቅኋት። ብዙ አሰበች። መስታወቱ ዘወትር ይቆለፍ፣ መንካት የለም፣ የሚመግቧት እማማ ይሁኑ፣ ርቀቱን የምወስነው እኔ ብቻ ልሁን አለች። እዚህ ላይ ላስጠንቅቅ፦ ቤት ማኖር በሕግ የተከለከሉ ሸረሪቶች አሉ፤ የአንዳንዶቹ መርዝ ያሰጋል፣ የኮንቴሳ ዓይነቶቹም ፀጉራቸው ቆዳ ያሳክካል፣ ዓይን ይጎዳል። ሕግም ሐኪምም ሳትጠይቁ የእኔን እንዳትከተሉ።

እሺ ስላቸው እማማ ኮንቴሳን የገበያ ጋሪያቸው ውስጥ አድርገው በሜትሮ አመጧት። «አንዲት ልጅ ቦታ ለቀቀችልኝ። የያዝኩትን ብታውቅ ባቡሩንም ትለቅልኝ ነበር» አሉ።

የመስታወት ሣጥኗ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀመጠ። ወለሉ ሰድር ስለሆነ መለኪያ አላጣሁም። በመጀመሪያው ቀን ወንበሬን አሥራ ሁለት ሰድር ርቄ አስቀመጥኩ፤ ፍርሃት ዘጠኝ። ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣበቀ። ሳልሸሽ ሩብ ሰዓት ቆየሁ፤ ቁጥሩ ወደ ሰባት ወረደ። በሁለተኛው ሳምንት አሥር ሰድር። በሦስተኛው ጨርቁ ተነሣ፤ ስምንት ላይ ደርሼ ሳለ አንድ እግሯን አነሣችና ተመልሼ አሥራ ሁለት ላይ ተገኘሁ። ደብተሬ ቀጥ ያለ መስመር የለውም።

እማማ ፌንጣ ሲሰጧት «እትዬ ኮንቴሳ፣ ቡኦን አፔቲቶ» ይሏታል፣ መልካም ምግብ ማለታቸው ነው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ካንቺ የበለጠ ጨዋ ናት። ሰው ሲመጣ አትሮጥም» ይሉኛል።

ስድስት ሰድር ላይ ስደርስ መስታወቱ ላይ ነጫጭ ጠብታዎች አየሁ። «እማማ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ምን ይሆናል፣ ሽንቷ ነዋ!» ብለው በእርጥብ ወረቀት ጠረጉት። ወረቀቱ ተቀዶ ጣታቸው ወጣ።

«እማማ! እጅዎ!»

«እጄ ምን ሆነ?»

ምንም አልሆነም። እኔ ግን ያን ማታ ደብተሬ ላይ «የእማማ እጅ በሳሙና ስለጠነከረ ይሆናል» ብዬ ጻፍኩ። ፍርሃት ክፉ ጠበቃ ነው፤ ማስረጃ ሲቀርብበት ሌላ ምክንያት አያጣም።

በሦስተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት እማማ ፕሮፌሶሬን ሊጠይቁ ሄደው ብቻዬን ነበርኩ። ጨርቁን ሳነሣ ኮንቴሳ በጀርባዋ ተንጋላ፣ ስምንቱንም እግሮቿን ወደ ላይ አድርጋለች። ሞታለች ብዬ ለእማማ ደወልኩ። ስልኩን ለፕሮፌሶሬ ሰጧቸው። ድምፃቸው ደክሟል፤ ግን የመምህር ድምፅ ነው።

«አልሞተችም። ቆዳዋን እየለወጠች ነው። ውስጥ ፌንጣ አለ?»

አየሁ። ጥግ ላይ አንድ፣ ከትናንት የተረፈ። «አለ።»

«አውጪው። አሁን ሰውነቷ እንደ ቅቤ ለስላሳ ነው፤ መነሣትም መከላከልም አትችልም። ፌንጣው ሊበላት ይችላል።»

«ፌንጣ ሸረሪትን?»

«ልጄ፣ እኔም አሁን በጀርባዬ ተኝቻለሁ። በጀርባው የተኛን ማንም ይበላዋል።»

እማማ በአንድ ሰዓት ውስጥ አይደርሱም። የውጭውን በር ከፈትኩት፤ ለመሮጥ ካሻኝ ብዬ። የቅንድብ መንቀያዬን አመጣሁ። ቁልፉን ፈታሁ። ፍርሃት አሥር፤ ይህን ቁጥር የጻፍኩት ያኔ ብቻ ነው። እጄ ሲገባ ፌንጣው ዘለለ፣ መንቀያው ወደቀብኝ። ጡንቻዬ ሁሉ «ውጪ» ይላል። ኮንቴሳ ግን ሳትንቀሳቀስ ተጋድማለች፤ ፌንጣው በእግሯ በኩል ወደ ሆዷ ዞረ። በባዶ እጄ ያዝኩትና አወጣሁት። ሣጥኑን ቆልፌ ዞር ስል እማማ ጠዋት ውሃ ረጭተውበት የረጠበው የመስታወቱ ነጭ ጠብታ በእጄ ጀርባ ላይ ተዘርግቷል።

ወደ ቧንቧው ሮጥኩ። እጄን ልዘረጋ ስል ቆምኩ። ሽሽት የፍርሃት ምግብ ነው የተባልኩት ትዝ አለኝ። አላጠብኩትም። ወንበር ላይ ተቀምጬ እጄን እንደ ሌላ ሰው እጅ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩትና ደብተሬን ከፈትኩ። ከሩብ ሰዓት በኋላ፦ ምንም። ከአንድ ሰዓት በኋላ፦ ምንም፤ የሚያቃጥል መስሎኝ ነበር፣ አያቃጥልም። እማማ ሲመለሱ፦ ምንም። ማታ፦ ምንም። በማግስቱ፦ ምንም። ኮንቴሳ አዲስ ቆዳዋን ለብሳ፣ አሮጌውን እንደ ወለቀ ጓንት አጠገቧ ጥላው ቆማለች። ዶክተሯ ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ «ፍርሃትን መጋፈጥ ማለት እጅ አለመታጠብ ማለት አይደለም» አለችኝ። ልክ ናት፤ እናንተ ታጠቡ።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ቁስሉ ወጣብኝ። እጄ ላይ አይደለም፤ ከንፈሬ ላይ፣ የድሮ ቦታው ላይ። መስታወት ፊት ቆሜ እጄንና ከንፈሬን በየተራ ሳይ ቆየሁ። ሽንቷ የነካው ቆዳ ንጹሕ ነው። ያልነካው ቆስሏል።

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ ያየሁትን ብቻ ተናገርኩ፦ ሁለት ቀን ቆጠቆጠኝ፣ ከዚያ ውሃ ቋጠረ፣ በልጅነቴም እዚሁ ወጥቶብኛል። ሐኪሙ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ነው፤ አንዴ ከገባ በነርቭ ውስጥ ይተኛል፤ ትኩሳት፣ ድካም ወይም ጭንቀት ሲያገኝ ይነሣል። ጭንቀት! ስንት ሌሊት ሸረሪት እየጠበቅሁ ስጨነቅ፣ የሚያቆስለኝን ራሴ ስቀሰቅስ ኖሬያለሁ። ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። «ታዲያ ያኔ ልጆቹን በከንቱ ነው ያራቅናቸው?» አለች። «ቫይረሱ ይተላለፋልና መራቃቸውስ ባልከፋ፤ ሸረሪቷን ግን በከንቱ ነው ያማናት» አልኳት። ሳቀች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ያወራነው እውነተኛ ወሬ እሱ ነው።

ግንቦት ላይ ፕሮፌሶሬ በከዘራ ቤታቸው ገቡ፤ ኮንቴሳም በጋሪዋ ተመለሰች። እስከ መጨረሻው አልነካኋትም። መጨረሻ ላይ የጻፍኩት «አንድ ሰድር፣ ፍርሃት አራት» የሚል ነው። ዜሮ አይደለም። የዶክተሯን ወረቀት ይዤ ወደ ማስተማሪያ ክፍሌ ተመለስኩ፤ ዲሬትሪቼ ግን እንዳለችው በዓይኗ ለማየት በየቀኑ ኮምፒውተሯን ይዛ ጥግ ላይ ትቀመጥ ነበር። ቁልፉን በክር አንገቴ ላይ አሰርኩት።

በሦስተኛው ሳምንት የማባዛት ሰንጠረዥ እያስጠናሁ ሳለ ልጆቹ ድንገት ዝም አሉ። ሁሉም የሚያዩት ከኋላዬ ያለውን ግድግዳ ነው። ዞርኩ። ከሰሌዳው ጠርዝ በላይ፣ ከፊቴ አንድ ክንድ የማይርቅ ቦታ ላይ ነበረች፤ ቡናማ፣ እግረ ረጅም። ልቤ እንደ ድሮው ደለቀ። ሰባት፣ ስምንት። በሩ ያለው በስተግራዬ ነው፤ ስንት እርምጃ እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ከጠረጴዛው ላይ የውሃ ብርጭቆ አነሣሁና ግድግዳው ላይ ደፋሁባት። ብርጭቆው ከግድግዳው ጋር እየተጋጨ ኪል ኪል ይላል፤ እጄ ነው።

«ማኤስትራ፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል» አለች ሶልያና።

«አዎ፣ ይንቀጠቀጣል።»

«ልትሮጪ ነው?»

«አይደለም። ወረቀት አምጪልኝ።»

ከራሷ ደብተር ቀድዳ አመጣችልኝ። ወረቀቱን በብርጭቆውና በግድግዳው መካከል አሾልኬ፣ መስኮቱ ጋ ሄጄ አራገፍኩት። ከዚያ «ሰባት ሲባዛ በስምንት?» አልኩ። ሦስት ልጆች አንድ ላይ መለሱ፣ አንዱ ተሳሳተ።

ዲሬትሪቼ ኮምፒውተሯን ዘጋች። «አሎራ፣ እንግዲህ» አለች ቦርሳዋን እያነሣች፣ «ቢሮ ሥራ አለብኝ።»

በሩ ከኋላዋ ቀጭ ብሎ ተዘጋ። ቁልፉን ደረቴ ላይ ዳሰስኩት። ስምንታችንም ውስጥ ነበርን።